ቱፎርዲን የግቢ ሳር ላይ ሞክሬው ያየሁት

የግቢያችን ሳር ግማሽ በግማሽ አረም ሆኖ ነበር። በእጅ ስነቅል ከርሜ አልሆን ሲለኝ ቱፎርዲ ገዝቼ ረጨሁ፣ አሁን ወራት ስላለፉት ጥሩውንም መጥፎውንም ልንገራችሁ።

ቱፎርዲ (2,4-D) መርጦ የሚገድል ፀረ አረም ነው፣ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል ሳሩን ይተወዋል፣ እ.ኤ.አ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ መድሃኒት ነው። ከግሊፎሴት ጋር እንዳታምታቱት አደራ፣ እሱ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ስለሚያደርቅ ሳሩም አብሮ ይሄዳል።

አሰራሩ የተክሉን የእድገት ሆርሞን መምሰል ነው፣ አረሙ ያለ ልክ ያድግና ራሱን ያጠፋል። እኔ ጋ በሁለተኛው ቀን ቅጠሉም ግንዱም መጠማዘዝ ጀመረ፣ ጭርስ ብሎ እስኪደርቅ ግን ሶስት ሳምንት ገደማ ፈጀ፣ ስለዚ በሳምንቱ አልሰራም ብላችሁ ደግማችሁ እንዳትረጩ፣ ሲበዛ ሳሩንም ይጎዳል።

አረጫጨቱ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ነፋስ ካለ በፍፁም አትርጩ፣ ቲማቲም ፅጌረዳ ወይን እነዚህ ትንሽ ብናኝ እንኳን ይበቃቸዋል፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነም ተዉት፣ ተንኖ ሌላው ተክል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሳሩን ከመርጨታችሁ በፊትም በኋላም ሁለት ሶስት ቀን አትጨዱት ምክንያቱም መድሃኒቱ የሚገባው በቅጠሉ ነው። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ እስኪደርቅ ልጆችም ውሻም እንዳይገቡ፣ የታጨደውን ሳር ደግሞ ጎመን ስር አታልብሱት።

ቅር ያለኝ ምን መሰላችሁ፣ ማገጥን (ባለ ሶስት ቅጠሉን አረም) ለብቻው በደንብ አይችለውም፣ ትንሽ ጠውልጎ ተመልሶ ይነሳል። ማገጥ ላስቸገረው ሰው ሜኮፕሮፕና ዳይካምባ የሚባሉ ሌሎች ፀረ አረሞች የተቀላቀሉበት አለ እሱ ይሻላል። እንግጫ ላይ ደግሞ ጭራሽ ምንም አያደርግም። እንግጫ ሳር ይመስላል እንጂ ሳር አይደለም፣ ግንዱን በጣታችሁ ብታሽከረክሩት ሶስት ማዕዘን ነው፣ ስትነቅሉትም መሬት ውስጥ ያለው ፍሬው ይቀርና እንደገና ይበቅላል፣ እሱን በመቆፈሪያ ከነፍሬው እያወጣሁ ነው እስካሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ይሄን ስሙኝ፣ መድሃኒቱ አረሙን ገደለ እንጂ ሳር አልሰጠኝም። አረሙ ሲደርቅ መሬቱ እዚም እዛም ራቁቱን ቀረ፣ እንደዛው ብተወው ኖሮ አዲስ አረም ነበር የሚሞላው። አንድ ወር ጠብቄ (ቶሎ ከተዘራ ቡቃያውን ይጎዳዋል) ሬክ በሚባለው ጥርሳም መቧጠጫ ጫር ጫር አድርጌ ዘር በትኜ እስኪበቅል ትንሽ ትንሽ እያልኩ በየቀኑ አጠጣሁ። ድሮ መሬቱን እስኪነካ ነበር የማጭደው፣ አሁን ማሽኑን ከፍ አድርጌ ወደ 7 ሴንቲሜትር አስቀረዋለሁ፣ ባንዴም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አልቆርጥም። ሳሩ ረዘም ሲል መሬቱን ስለሚያጠላው የአረሙ ዘር ብርሃን አያገኝም፣ ለውጡን ያየሁት እንደውም ከመርጨቱ ይልቅ እዚ ጋ ነው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ትንሿን ጠርሙስ፣ የቀሩት አረሞች ጥቂት ስለሆኑ ከእንግዲህ ግቢውን በሙሉ ሳይሆን እነሱን ብቻ እየለየሁ ነው የምረጨው።