ጀልባ ገጥመው «ውሃ ከነካው ዋስትና የለውም» የሚሉ አሉ፤ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ባሕር ዳር ውስጥ በሪሞት የሚሠራ ነገር ያላችሁ ሁሉ፣ ጀልባም ይሁን መኪና ይሁን ድሮን፣ «እንገጥማለን፣ እንጠግናለን» ለሚል የሞባይል ሱቅ ከማስረከባችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ሥር የስልክ ከቨር ተደርድሯል፣ ከላይ ድሮን ተሰቅሏል፣ ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ስትገቡ ቡና ይታዘዝላችኋል። «እኛ ጋ ችግር የለም ጋሼ።» ቀብድ በቴሌብር። ደረሰኝ ስትሉ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሲያልቅ አብረን እንቆርጣለን።» ከዚያ «ነገ ይደርሳል» ነው። ነገ ሲመጣ «ማታ።»

ጀልባው ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ የእሽቅድምድም ጀልባ ሞዴል ነው። አካሉ ፋይበር ግላስ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አካሉ ለብቻ፣ የሚገጠመው ዕቃ ለብቻ ነው የመጣው። ፕሮፔለሩ፣ የሚተጣጠፈው ዘንግ፣ ዘንጉ የሚያልፍበት የነሐስ ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ቴፍሎን፣ ዘንጉን ከኋላ የሚደግፈው የአሉሚኒየም ክንድ፣ መሪው፣ የማይዝጉ ብሎኖች ከነዳዷቸው። ሁሉንም መግጠሚያ 6 ሺህ ብር ተባባልን። ግማሹን ከፈልኩ።

ይህ ሥራ በግምት አይሠራም። ሞተሩ ባለ 2000 ኬቪ ነው፤ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 2000 ዙር ማለት ነው። በ14.8 ቮልት ሊፖ ባትሪ ያለ ጭነት በደቂቃ ወደ 30 ሺህ ዙር ይሽከረከራል። ዘንጉ ደግሞ ድፍን ብረት አይደለም፤ ከቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ነው። ውሃ ውስጥ ጭነት ሲመጣበት ግምዱ ይጠብቅና ዘንጉ ያጥራል። ለዚህ ነው በክንዱ ጫፍና ከፕሮፔለሩ ፊት ባለችው ማሰሪያ መሃል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት የሚተወው። ክፍተቱ ከሌለ ያጠረው ዘንግ ማሰሪያዋን ወደ ክንዱ ይስባትና ብረት ከብረት ይፋጫል። ክንዱ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ስስ ስለሆነም ከውስጥ የኮምፔንሳቶ ወይም የአሉሚኒየም መደገፊያ ይደረግለታል። ብሎኑ ያንን አልፎ በዳዶ ይታሰራል። ቀዳዳው ሁሉ በሲልኮን ወይም በኢፖክሲ ይደፈናል። ይህን ሁሉ ሥራውን ለተቀበለኝ የሱቁ ልጅ ነግሬዋለሁ። በወረቀት ጽፌም ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። «ጋሼ አያስቡ፣ ድሮን የሚፈታ እጅ ነው» አለኝ።

ስረከበው ያምራል። ተወልውሏል። ልጁ ጀልባውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሪሞቱን ነካ አደረገና ፕሮፔለሩን አየር ላይ አሽከረከረው። «ድምፁን ሰሙት?» ስልክ ሊያሠራ የመጣው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። ቀሪውን እዚያው ከፈልኩ። አየር ላይ ጭነት የለም፣ ዘንጉም አያጥርም። ያ ሁሉ ትርኢት ስለ ገጠማው ምንም የሚናገረው ነገር አልነበረም። ድሮን የሚፈታ እጅ ይህን ማወቅ ነበረበት።

ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ነው የሚነሳው። ቅዳሜ በማለዳ ከእህቴ ልጅ ጋር ወረድን። ጀልባው መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ፍጥነት ስጨምርለት ድምፁ ተለወጠ፤ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቋ አለና ቆመ። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና፣ ኋላው ውሃ ውስጥ ገባ። በደንገል ታንኳ የሚያልፍ አንድ አሣ አጥማጅ ደረሰልን። በመቅዘፊያው ስቦ አመጣው። ከመስጠቱ በፊት ገልበጥ አድርጎ አየውና «ኋላው ተሸንቁሯል እኮ ወንድሜ፣ ማነው እንዲህ የበሳው?» አለኝ።

ዳር ላይ ከፈትነው። መደገፊያ የለም። ሲልኮን የለም። ክንዱ የታሰረው ለእንጨት ሥራ በሚሆን ሁለት ብሎን ነው፣ ቀጥታ ስሱ ፋይበር ላይ። ፋይበሩ ተቀዶ ሁለት ቀዳዳ አፉን ከፍቷል፣ ክንዱ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍተት ተዉ ያልኩት ቦታ ላይ የክንዱ ጫፍ ተፍቆ ያብለጨልጫል፣ ዙሪያው በሙቀት ጠቁሯል። ቱቦው ውስጥ ቴፍሎኑ አልገባም፣ ግራሶ የሚባል ነገርም አልነካውም። ፍጥነት መቆጣጠሪያው ተቃጥሏል፣ ባትሪው አብጧል። ቤት ስገባ ካርቶኑን አየሁት። የጻፍኩላቸው ወረቀት እኔ እንዳጠፍኩት አለ። አልከፈቱትም።

በዚያው ቀን እርጥቡን ጀልባ ተሸክሜ ሱቁ ገባሁ። መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ መጀመሪያ ያየው ጀልባውን ሳይሆን የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው። ሶፍት አውጥቶ መስታወቱን ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ የጀልባውን አፍንጫ ያዝ አድርጎ አዘነበለው። በቀዳዳው ውሃ ወረደ።

«ውሃ ገብቶበታል» አለኝ።

«አዎ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ውሃ ውስጥ ከተትከው እንዴ?»

«ጀልባ እኮ ነው!» አልኩት።

በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። ወረቀት ተለጥፏል። «ውሃ የነካው ዕቃ ዋስትና የለውም። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ለስልክ የተጻፈ ነው። «ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ብሎኖቼስ አልኩት። «ትርፍ ነበሩ፣ ጣልናቸው።» ክንዱስ ለምን ተነቀለ? «እምቦጭ ይዞት ይሆናል።» እኔ ያስነሳሁበት ቦታ አንድ ቅጠል እምቦጭ የለም። እምቦጭ ጣናን ከወረረው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቅ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል መሆኑን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጁም ያውቃል። ያገሩን ሐይቅ መከራ ለገዛ ሥራው ሽፋን ሲያደርገው ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት።

ከኋላ ስልክ የሚበይደው ጓደኛው ቀና ሳይል «ሰውዬው ለልጅ መጫወቻ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለ። ሳቁ። ያን ቀን ቡና ያዘዘልኝ ልጅም አብሮ ሳቀ። ባለቤቱን ጥሩልኝ ስል «አዲስ አበባ ነው» አሉኝ። መኪናው በር ላይ ቆሟል።

ገንዘቡ ያንገበግበኛል። ሳቁ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ያ «መጫወቻ» ያሉት ዕቃ ወንድሜ የሰው አገር ብርድ ላይ የትርፍ ሰዓት ሠርቶ የገዛው ነው። የሰፈራችን ልጆች ስለ ሞተር፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ዘንግ ሲጠይቁኝ የሰነበቱት በሱ ምክንያት ነው። መግጠም ካልቻሉ «አንችልም» ማለት ምን ያስከፍላል? ዕቃዬን ይዤ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።

ምክሬ አጭር ነው። ዕቃ ስታስረክቡ ብሎኑን ሳይቀር ቆጥራችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ አስፈርማችሁ ስጡ። ጀልባ ከሆነ ውሃ ላይ ሳታዩት ቀሪውን ክፍያ እንዳትሰጡ። ለሪሞት መኪናም ያው ነው፣ መሬት ላይ ይነዳ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ የማሽናቸው መበላሸት የእናንተ ጣጣ አይደለም።

ፖሊ የሚማረው የእህቴ ልጅ የኋላውን ግድግዳ በኮምፔንሳቶና በኢፖክሲ እየሠራው ነው። ዘንጉ ግን ተጣሟል፣ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እኔ ሰኞ የቴሌብር መልእክቱን፣ ፎቶዎቹንና ሁለቱን የእንጨት ሥራ ብሎኖች ይዤ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። እዚያው ሱቅ የተበላችሁ ካላችሁ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንግባ።