«ሁለቱም ቀዳዳ ኮረንቲ አለው» ብሎ ሽቦ የሚያስገዛችሁን አትመኑ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሁሉ አንብቡት።

ቅዳሜ ዕለት የሳሎኑ ሶኬት ጠቁሮ ስላየሁት አዲስ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። ብሬከሩን አውርጄ፣ በካቻቪቴ ፈትቼ፣ እንደ ነበረው መልሼ አሰርኩ። መብራት ስመልስ አምፖሎቹ በሩ፣ አዲሱም ሶኬት ሠራ። የመኝታ ቤቱና የፍሪጁ ሶኬቶች ግን ጸጥ አሉ። ፍሪጁ ውስጥ ለእሑድ ዝክር የሠራሁት ወጥ ነበረና ተጣድፌ ሶኬቱን ወደ ሸጠልኝ ሱቅ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ «የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ» ተባልኩ፣ ልጁም ከበሩ ላይ ተነሥቶ ተከተለኝ።

ጨዋ ነበር። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ «እናቴ» እያለ በእርስዎታ አናገረኝ። የሳሎኑን ሶኬት ዘወር ብሎም አላየው። በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ቴስተሩን፣ ኮረንቲ ሲያገኝ የሚበራውን መፈተሻ፣ በአንዱ ቀዳዳ ከተተ፤ በራ። «አሁን ይህን ይዩ» ብሎ ወደ ሌላው አዛወረው፤ ኮረንቲ ሊኖረው የማይገባው እሱም በራ። ፊቱን አጨማደደና «እናቴ፣ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ቀልጦ ተጣብቋል። ዛሬ ካልተቀየረ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል» አለኝ። ልጆቼ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። ብርሃኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ሁለት ጥቅል ሽቦ እንዳመጣ ላከኝ። ስመለስ ፍሪጁ ይሠራል! «ለጊዜው በሌላ መስመር አሻግሬዋለሁ፣ ብሬከሩንም በጠንካራ ለውጬልዎታለሁ። ሽቦውን በልክ ቆራርጬ ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሁለቱንም ጥቅል ተሸክሞ ወጣ። ከሽቦው፣ ከብሬከሩና ከእጅ ዋጋው ግማሽ ጋር 21,500 ብር ከፍያለሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ቡና አፍልቼ አጠጥቼው፣ ደረጃው ድረስ ሸኝቼ መረቅሁት። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ምርቃት ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኞ አልመጣም፣ ስልኩም ተዘጋ። ወደ ሱቁ ስሄድ ባለቤቱ ከወንበሩ እንኳን አልተነሣም። ቅዳሜ «እመቤቴ» ያለኝ ሰው «እኔ አልቀጠርኩት፣ ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ? ሴት ልጅ ከኮረንቲ ጋር ምን አገናኛት?» አለኝ፤ አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ተቀምጧል። የአንደኛው ላስቲክ፣ ቀለሙን ለማየት እኔው በጥፍሬ የቀደድኩት ቦታ ላይ ተቀዷል።

ትናንት ማታ ከላይ ፎቅ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ጎረቤቴን ለመንኳቸው። ጋሼ መጀመሪያ የሳሎኑን ሶኬት ፈቱት። ከኋላው ሁለት የፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣ) እና ሁለት የኒውትራል (ኮረንቲውን የሚመልስ) ሽቦ አለ፤ አንዱ ጥንድ ከብሬከሩ ይመጣል፣ ሌላው ወደ መኝታ ቤትና ወደ ፍሪጁ ያልፋል። የሚያልፈውን ኒውትራል እኔ በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነበር። ልጁ ያደረገው እሱን መልሶ ማሰር ብቻ ነው። ሁለቱም ቀዳዳ የበራው ፍሪጁ እንደ ተሰካ ስለ ነበር ነው፤ ፌዙ በፍሪጁ ውስጥ አልፎ መመለሻ በሌለው ኒውትራል ላይ ይቆማል። ፍሪጁን ቢነቅለው ኖሮ ሁለተኛው ብርሃን ይጠፋ ነበር። ሽቦው እውነት ቀልጦ ፌዝና ኒውትራል ቢጣበቁ ደግሞ ብሬከሩ ወዲያው ይወርድ ነበር። ልጁ ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ካላወቀ የሳሎኑን ሶኬት ለምን እኔን ልኮ ከፈተው?

ከሁሉ የከፋው «ጠንካራው» ብሬከር ነው። የሶኬቶቼ ሽቦ ውፍረት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ብሬከሩ 16 አምፔር ነበር። እሱ ያስገባው 32 ነው! ጭነት ቢበዛ ሽቦው ሲግል ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል። ቤትሽ ይቃጠላል ብሎ ገንዘቤን የወሰደ ሰው፣ ልጆቼ የሚተኙበትን ቤት ለቃጠሎ አመቻችቶ ሄደ።

ሶኬት ቀይራችሁ ሌላ ሶኬት ከጠፋባችሁ ብሬከሩን አውርዱ፣ ቀድሞ የነካችሁትን ራሱን አስፈትሹ። ሠራተኛው ቴስተር ከመጠቀሙ በፊት የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። የገዛችሁት ዕቃም ከቤታችሁ አይውጣ።

ብሬከሩን ዛሬ ጠዋት ጋሼ በ16 ቀይረውልኛል። ሽቦዬ ግን አሁንም መደርደሪያው ላይ ለሽያጭ ተቀምጧል።