ስምንት ወር ከፒፒኤስኤስፒፒ ጋር፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሠራው ሴቲንግ ሸዋሮቢት ላይ ከዳኝ

ፒኤስፒዬ፣ በእጅ የሚያዘው የሶኒ ጨዋታ ማጫወቻ፣ የሞተው ባለፈው መስከረም ነው። ባትሪው አብጦ የኋላ ክዳኑን ገፍቶ ከፈተው። 3000 የሚባለው ሞዴል ነበር፤ አጎቴ ከዱባይ ሲመለስ ያመጣልኝ። ያኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ብርቅ ስለነበር የሰፈር ልጅ ሁሉ «አንዴ ልንካው» እያለ ተራ ይይዝ ነበር። ሦስቱ የጨዋታ ዲስኮቼ ግን ጭረት እንኳን የለባቸውም። ቴከን 6፣ ጎድ ኦፍ ዋር ቼይንስ ኦፍ ኦሊምፐስ፣ ጂቲኤ ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ። ጋኑ ተሰብሮ ጠላው እንደተረፈ ቁጠሩት።

ከጥቅምት ጀምሮ እነዚህን ጨዋታዎች የምጫወተው ስልኬ ላይ፣ ፒፒኤስኤስፒፒ በሚባለው ኢሙሌተር ነው። ይኸው ሰኔ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ «ምርጥ ነው፣ አውርዱት» ብዬ እጨርሰው ነበር። አሁንም ምርጥ ነው። ግን ስምንት ወር ብዙ ነገር ያሳያል።

ኢሙሌተር ማለት የአንዱን ማሽን ሥራ ሌላው ማሽን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ፒኤስፒ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ነው። ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 333 ሜጋኸርዝ ነው። ለዛሬ ስልክ ይኼ ቁጥር ኢምንት ነው። ነገር ግን ስልኩ ጨዋታውን ብቻ አይደለም የሚያጫውተው፤ ማሽኑንም ራሱን መሆን አለበት። ድካሙ እዚያ ላይ ነው። ፒፒኤስኤስፒፒን ሄንሪክ ሪድጎርድ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ሌሎች ኢሙሌተሮች ላይ ራስ የሚያዞረው የባዮስ (የማሽኑ የማስነሻ ፕሮግራም) ፋይል ፍለጋ እዚህ የለም። አፑ የፒኤስፒን ሲስተም ራሱ ተክቶ ይሠራል።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ሰማያዊ አርማ ያለው ነጻ ነው፣ ወርቃማው ጎልድ የሚከፈልበት ነው። ጨዋታ ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ጎልድ የሚገዛው ሠሪዎቹን ለመደገፍ ነው። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «ጎልድ በነጻ» ተብሎ የሚዞረውን ፋይል የሚጭን ሰው ምንም ላያተርፍ ለቫይረስ በሩን ይከፍታል። ነጻውን ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፣ አለቀ።

ጨዋታዎቹን ያወጣሁት ከራሴ ዲስኮች ነው። ፒኤስፒ ባትሪው ወጥቶም በቻርጀሩ ብቻ ይሠራል። የኔ ላይ ድሮ ያስጫንኩት ካስተም ፈርምዌር (ሶኒ ያልሠራው የማሽኑ ሲስተም) ስላለ በዩኤስቢ ኬብል ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ዲስኩ እንደ አንድ አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ሆኖ ይታያል። ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ለአንድ ዲስክ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ባትሪ የሌለው ማሽን ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጎድ ኦፍ ዋርን ኮፒ ሳደርግ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ተቋረጠብኝ። በሦስተኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቼ፣ ባና ተከናንቤ ጨረስኩት። በጥቅምት ውርጭ!

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። አፑን መጀመሪያ ስትከፍቱ ፋይሎቹን የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ምርጫ ራሳችሁ ፎልደር መፍጠር ነው። ሌላው የአፑ የግል ቦታ ነው። እኔ ችኩሉ ሁለተኛውን ነካሁ። አፑ ከጠፋ ይኼ ሁሉ አብሮ ይጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ ከሥሩ ተጽፏል። ማን ያነባል?

በጥር የእህቴ ልጅ ስልኬን ሠርግ ሊቀርጽበት ተዋሰኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው፣ ስልክ ይችላል ብዬ ሰጠሁት። ስቶሬጅ ሞልቷል ሲለው አፑን አጥፍቶት አረፈ። ማታ ስልኩን ሲመልስልኝ «ጋሼ፣ ተመልሶ ይወርድ የለ?» አለኝ። አዎ፣ አፑ ይወርዳል። የሦስት ወር የሊበርቲ ሲቲ ጉዞዬ ግን ከየትም አይወርድም። ልጁን ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ፎልደሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አሁን ፎልደሩ ከአፑ ውጭ ነው። ውስጡ ያለውን፣ የጨዋታው ጉዞ የሚቀመጥበትን «ሴቭዴታ» የሚባለውን በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ። ትንሽ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይበላም። ሴቭ ስቴት የሚባለውን፣ ማለትም ባለህበት ቅጽበት አስቁሞ የሚያስቀምጠውን ግን አትመኑት። ለታክሲ ሰልፍ ጥሩ ነው። አፑ ሲታደስ አሮጌው ላይከፈት ይችላል። ጨዋታው ራሱ በሚያስቀምጥበት ቦታ አስቀምጡ።

ወደ ሴቲንግ እንግባ። የሰው ሁሉ ጥያቄ ይኼ ነውና። ስልኬ 4 ጊጋ ራም ያለው፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ነው። እንደማንኛውም ጀማሪ «ምርጥ ሴቲንግ» የሚል ቪዲዮ ፈልጌ፣ የታየኝን ሁሉ ከፈትኩ። ውጤቱ? ቴከን ላይ ቡጢው ከተሰነዘረ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ስልኩም ምጣድ ሆነ። ከዚያ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው መልሼ አንድ በአንድ መቀየር ጀመርኩ። ዛሬ ከነባሪው የቀየርኩት ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ነው።

ዋናው ሬንደሪንግ ሬዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉ በስንት ነጥብ እንደሚሣል ነው። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ነጥብ ነው። አንድ እጥፍ ማለት ይኼው ነው። ሁለት እጥፍ ሲባል 960 በ544 ይሆናል። ሁለት ስለተባለ ሥራው በሁለት አይባዛም፤ የነጥቦቹ ብዛት አራት እጥፍ ነው። ሦስት እጥፍ ላይ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የኔ ስልክ ሁለት ላይ ይስቃል፣ ሦስት ላይ ያለቅሳል። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት አፍንጫን ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ባክኤንድ፣ ማለትም አፑ ምስሉን የሚሥልበት መንገድ። ምርጫው ቩልካን ወይም ኦፕንጂኤል ነው። ቩልካን ይፈጥናል ይባላል፣ በብዙ ስልክ ላይም እውነት ነው። የኔው ላይ ግን ምስሉ ብልጭ ድርግም አለብኝ። ኦፕንጂኤል ላይ አደረግኩት፣ ተረጋጋ። ሁለቱንም አሥር አሥር ደቂቃ ሞክራችሁ የሚሻለውን ያዙ።

ስኪፕ በፈር ኢፌክትስ የሚለውን ዝጉት። ሲበራ ፍጥነት ይጨምራል፣ ግን አንዳንድ ጨዋታ ላይ ጥላውና ብርሃኑ ይጠፋል። የምስሉን ገጽታ የሚያጠራውን ቴክስቸር ስኬሊንግንም እንዲሁ ዝጉት፤ ለደከመ ስልክ ሸክም ነው። ሰው በጣም የሚሳሳትበት ደግሞ የሲፒዩ ክሎክ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው። ቪዲዮዎቹ «1000 አድርጉት፣ ይፈጥናል» ይላሉ። ያ ቁጥር የስልካችሁ አይደለም። የሚፈጥነው በምናብ ያለው ፒኤስፒ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ስልካችሁ ነው። ዜሮ ላይ ተዉት።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ሊበርቲ ሲቲን ከፍቼ በሴኮንድ የሚታየው የምስል ቁጥር 30 ላይ ሲቆም «ግማሹን ነው የሚሠራው» ብዬ ስንት ምሽት አቃጠልኩ። ለካ ጨዋታው ራሱ የተሠራው በሴኮንድ 30 ምስል ነው። ቴከን 60 ነው። ስለዚህ የምስሉን ቁጥር ትታችሁ ስፒድ የሚለውን መቶኛ ተመልከቱ። 100 ከሆነ እንከን የለም።

በጥርና በየካቲት ደግሞ አፑ በድንገት ቀርፋፋ ሆነብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሴቲንግ ስነካካ ከረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር። መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ የስልኩን ባትሪ ቆጣቢ አብርቼ ረስቼው ነበር። ባትሪ ቆጣቢ ፕሮሰሰሩን ይይዘዋል። ጠፋ፣ ተፈታ።

ይኼን ሁሉ አስተካክዬ፣ ጨርሻለሁ ብዬ፣ ለፋሲካ ሸዋሮቢት አክስቴ ጋር ወረድኩ።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ጣርማበር ላይ ከ3,000 በላይ ይወጣና፣ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወረወራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል። ከዚያ ጃኬት ይወልቃል። ሸዋሮቢት 1,300 አካባቢ ነው። እዚያ ስደርስ ያው ስልክ፣ ያው ጨዋታ፣ ያው ሴቲንግ። ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ ስፒዱ ከ100 ወደ 70 ወረደ። የጎድ ኦፍ ዋሩ ጀግና ክራቶስ በውኃ ውስጥ የሚሄድ ይመስል ተንቀረፈፈ።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ስልክ ውስጥ ማራገቢያ የለም። ሲግል ራሱን ለማዳን ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛ ጋ ውርጩ ነጻ ማራገቢያ ሆኖኝ ኖሯል። ስድስት ወር «ስልኬ ይችላል» ያልኩት ስልኬን ሳይሆን የደብረ ብርሃንን ብርድ ነበር። እነዚያ ቪዲዮዎች የት ሆነው እንደተቀረጹ ማን ነገረን?

ሽፋኑን አወለቅኩ። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። ቻርጅ ላይ ሰክቶ መጫወት ተውኩ፤ እሱ ብቻውን ትልቅ ለውጥ አመጣ። ሬዞሉሽኑን አንድ እጥፍ ላይ መለስኩ። ስፒዱ ወደ 95 ወጣ። የመጨረሻውን ለማግኘት ስልኩን ቬንቲሌተር ፊት ይዤ ስቀመጥ አክስቴ አየችኝ። «እኛ በሙቀት እያለቅን አንተ ለስልክ ታራግባለህ?» አለችና ቬንቲሌተሩን ወደ ራሷ አዞረች።

ብርዱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ኅዳር ላይ ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ የስክሪኑን በተን አይሰማም። ጓንት ካደረጉ ስክሪኑ አይቀበልም። አሥር ደቂቃ ከተጫወትኩ በኋላ ግን ስልኩ ራሱ ያሞቀኛል። ምድጃ ነው፣ ጨዋታም አለው።

በተን ካነሳሁ ትልቁ ቅሬታዬ እሱ ነው። ጥፋቱ የአፑ አይደለም፣ የመስታወት ነው። ጣት የት እንዳለ አይታወቅም። የፒኤስፒ ምስል 16 ለ9 ገደማ ስለሆነ ረጅም ስልክ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ይተርፋል። ሰው ይኼን ጠልቶ ምስሉን ይለጥጠዋል። ከዚያ የቴከን ሰዎች ሁሉ ቦርጫም ይሆናሉ። አትለጥጡት። በተኖቹን ጥቁሩ ላይ አስቀምጧቸው፤ አውራ ጣት ምስሉን አይሸፍንም። ኤዲት ሌይአውት በሚለው ውስጥ እየጎተቱ ማስተካከል ይቻላል። ለጎድ ኦፍ ዋር በቂ ነው። ለቴከን አይበቃም። አንድ ያገለገለ የኮምፒውተር ጆይስቲክ በኦቲጂ ገመድ (የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው) ሰካሁ፣ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ግን ጆይስቲኩ ከስልኩ ባትሪ ይጠጣል፣ ቻርጅ መሰኪያውንም ይይዛል። ያለሱ በሰዓት 15 በመቶ ገደማ ይሄዳል፣ ከሱ ጋር 20 ይጠጋል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን አድሆክ ነው። ድሮ ሁለት ፒኤስፒ ጎን ለጎን በዋየርለስ ይጫወቱ ነበር። ያንን አፑ ጠብቆታል። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ይገናኛል። ሁለቱም ኔትወርኪንግን ያበራሉ። ሆትስፖት የከፈተው አብሮ የተሠራውን አድሆክ ሰርቨር ያበራል። ሌላው የዚያን ስልክ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ይጽፋል። የአፑ ቨርዥን አንድ ይሁን፣ ጨዋታውም እንዲሁ። አንዲት ሜጋ ዳታ አይነካም። ከእህቴ ልጅ ጋር በጨለማ፣ መብራት በሌለበት ምሽት ስንት ዙር ቴከን ተጫወትን። አንዳንዴ ይጎተታል፣ አንዴ በሳምንት ያህል ይቋረጣል። ጌም ቤት ተሰልፎ በጨዋታ ከመክፈል ግን በብዙ ይሻላል።

አይፎን ያለው ጓደኛዬም ይጫወታል፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አፕ ስቶር ላይ ገብቷል። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ስልኩን ለአምስት ደቂቃ እንኳን አይሰጠኝም።

ልሞክረው ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፦ የድሮ ዲስክ ያለው፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ስልክ የያዘ ሰው ያለ ስጋት ይሞክረው። ባለ 2 ጊጋ ስልክ ላይ በእህቴ ስልክ አይቼዋለሁ፤ ቀላል ጨዋታ ይሄዳል፣ ጎድ ኦፍ ዋር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

የእህቴ ልጅ ካሳ ይከፍላል ብዬ ሊበርቲ ሲቲን ከመጀመሪያው እንዲጫወትልኝ ፈርጄበታለሁ። በየእሑዱ መጥቶ ሁለት ሁለት ሚሽን ይጨርሳል። ትናንት ማታ «ጋሼ፣ አንተ የደረስክበት ልደርስ ነው» ብሎ ደወለ። ሴቩን ቴሌግራም ላይ ላክልኝ አልኩት።