«አብሽሩ አባባ» ላለችው የኤምአርአይ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ፣ የውጫሌ፣ በጠቅላላው የወሎ ልጆች። እዚህ ሰፈር ብዙ ጊዜ የምንገናኘው ወይ በስሞታ ወይ በለቅሶ ነው። ዛሬ ግን ደሴ ላይ አባቴን ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ያነሳችውን ልጅ ለማመስገን ነው የመጣሁት። ጽሁፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አባባ ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀዶ ጥገናውን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል። እዚህ ለመድረስ ግን ያየነውን ፍዳ እኛ ነን የምናውቀው።

የጀመረው በሳል አይደለም። ቀኝ ትከሻውን ነው ያመመው። ሌሊት ሌሊት ያስጮኸዋል። ሕመሙ ከትከሻው ወደ ክንዱ ይወርድና ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ይደነዝዛሉ። በኋላማ ሲኒ ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ወጌሻ ጋ ወሰድነው፣ አሸው። ክሊኒክ ወሰድነው፣ «ብርድ ነው» ብለው ትከሻውን ወጉት። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ «ሪህ ነው» ተባለና ክኒን በፌስታል ተሸክመን ተመለስን። አንደኛው ጋ ደግሞ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ስልኩን እየነካካ «ዕድሜ ነው ጋሼ፣ ይልመዱት» አለው። ይልመዱት! ሰው እያለቀሰ የሚያድርበትን ሕመም እንዴት ነው የሚለምደው? ይሄ ሁሉ ሲሆን ደረትህን ራጅ ተነሳ ያለው አንድ ሰው የለም። ስም አልጠራም፤ ለአላህ ሰጥቻቸዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አገኘን። ትከሻውን ከመንካቱ በፊት ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። «የቀኝ ዓይንዎ ቆብ እንዲህ ዝቅ ያለው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀው። እኛ እኮ እንቅልፍ ማጣት ነው ብለን ነበር። በዚያው ቀን ደረት ራጅ አዘዘ። ከዚያ ሲቲ ስካን ሆነ፣ ከዚያ ናሙና ተወሰደ፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

አዲስ አበባ ያየው የቀዶ ጥገና ሐኪም ነገሩን እንደ ሰው አስረዳን። ዕጢው የሳንባው ጫፍ ላይ ነው፤ ፓንኮስት ይሉታል። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በዚያው አካባቢ ስለሚያልፉ ነው ሳል ሳይመጣ ትከሻ የሚያመው። የዓይኑን ቆብ ያወረደውም ያው ዕጢ ነው። ሲቲ ስካኑ ሳንባውን በደንብ አሳይቷል አለን። ዕጢው ነርቮቹን፣ የደረቱን ግድግዳና አከርካሪውን ነክቶ እንደሆነ ግን ኤምአርአይ አጥርቶ ያሳያል። ጭንቅላቱም አብሮ መታየት አለበት፤ የሳንባ ካንሰር ወደ አንጎል መሄድ ይወዳልና። «ይህን ሳላይ ቢላ አላነሳም» አለ። ከዚያ በላይ ብዙ ነገር ተናግሯል፣ እኔ ግን የገባኝ ይሄው ነው።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኤምአርአይ ያስነሳነው ከወሎ ውጭ አንድ ቦታ ነው። ብሩን አስቀድመው ተቀበሉ። «ብረት ነገር ይዘዋል?» አሉት፤ አባባ የቤት ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝና «የለኝም» አለ። በቃ፣ አስገቡት። ክንዱን ዘርግቶ በጀርባው መተኛት እንደማይችል የነገርነው ለግድግዳ ነው። ገና ከመጀመሩ ሳሉ ተነሳበት፣ ተጨነቀ፣ «ሳልሞት ቀበራችሁኝ» ብሎ ጮኸ። ጎትተው አወጡትና «እሳቸው ካልተባበሩ እኛ ምን እናድርግ?» አሉን። የተነሳችውን ያህል ፊልም ሰጡን። ሐኪሙ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «ተንቀሳቅሷል፣ ምንም አይነበብም።» ብራችንስ? «ማሽኑ ሠርቷል» ብለው አንድ ሳንቲም አልመለሱም። የላሟ ብር ነበር እኮ፣ የእናቴ ላም።

አባባ ተስፋ ቆረጠ። «አገሬ መልሱኝ፣ ቤቴ ልሙት» አለ። ያንን 400 ኪሎ ሜትር መንገድ በጣርማ በር ቁልቁል ይዘነው ተመለስን። በየጉድጓዱ ትከሻውን ይዞ ሲያቃስት ተሳፋሪው ሁሉ አብሮን ያዝን ነበር። ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን «እዚሁ ደሴ እኮ ይነሳል፣ ለምን ሞክራችሁ አታዩም?» አለችን። አባባ ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ ማሽን የሚባል ነገር ማየት አልፈለገም። ለምነን፣ አስለምነን ወሰድነው።

ይህችን ልጅ ያገኘናት እዚያ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም። ነጭ ጋውን የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ቀጭን ልጅ ናት። ሳያት፣ እውነቱን ልናገር፣ ልጅ ናት ብዬ ሰጋሁ።

ወረቀት ይዛ አጠገቡ ቁጭ አለች። ብረት አለዎ ብላ አላለፈችውም። አንድ በአንድ ጠየቀችው። ልብዎ ላይ የተተከለ ባትሪ አለ? አጥንትዎ በብረት ታስሮ ያውቃል? ብየዳ ሠርተው ያውቃሉ? ከዚያ ዝም ብላ አየችውና «አባባ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ?» አለችው።

አባባ ሳቀ። ያን ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «በምን አወቅሽ ልጄ?»

«አቀማመጥዎ። ተመትተው ያውቃሉ?»

«ፍንጣሪ ጭኔ ውስጥ አለ። ናቅፋ ላይ ነው። ሐኪሙ እዚያው ይተኛ አለ፣ ይኸው ተኝቷል።»

እኔ ልጁ ሆኜ ጠባሳውን እንጂ ብረቱን አላውቅም ነበር። እሷ ወዲያው ወረቀቷን አጠፈች። «ዛሬ እንዲሁ አናስገባዎትም» አለች። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ባይሠራም ማግኔቱ አይጠፋም። ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ሊጎተት፣ ሊሞቅ ይችላል። ዓይን ውስጥ ያለች ብናኝ ብትሆን ደግሞ ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። ጭኑንና ዓይኑን ራጅ አስነሳችው። ራጁን ምስል ለሚያነበው ለራዲዮሎጂ ሐኪሙ ወስዳ አሳየችው። ፍንጣሪው ትንሽ ነው፣ ሥጋ ውስጥ ዘመን ያስቆጠረ ነው፣ ከትልልቅ የደም ሥሮች የራቀ ነው፣ ዓይኑም ንጹህ ነው ተባለ። «ይነሳ» ብሎ ሐኪሙ ፈረመ። የቀደሙትን አስቡ እንግዲህ! ያንን ሰው እንዲሁ ነው የከተቱት!

ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ ማስለመድ ጀመረች። ደረት ሲነሳ ትንፋሽ ካልተያዘ ምስሉ ይደበዝዛል። ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ «ይሳቡ፣ ያውጡ፣ አሁን ይያዙ» ትላለች። እሷም አብራው ትይዛለች። እሱ ሲያቅተውና ሲስል ትጠብቀዋለች። «አብሽሩ አባባ፣ ማንም አላባረረንም» ትለዋለች። ከኋላ ተረኛ ቆሟል እኮ! ለተረኛውም ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። የታመመ ክንዱን በታጠፈ ጨርቅ ደገፈችለት፣ ጆሮውን ደፈነችለት፣ ሲጨንቀው የሚጨምቃትን የላስቲክ ኳስ እጁ ላይ አስያዘችው። «ጭንዎ ላይ ሙቀት ወይም መጎተት ከተሰማዎት ወዲያው ይጭመቋት» አለችው።

ከውስጥ ድምፁ ሲጀምር ወንድሜ ተደናግጦ ስልኩን በኪሱ እንደያዘ ሊገባ ተነሳ። በሩ ላይ ቆማ መለሰችው፣ ሳትቆጣ ግን በማያወላዳ ቃል። ከዚያ በየመሃሉ በማይክ ታናግረዋለች። «አባባ፣ ይቺኛዋ ትንሽ ትጮሃለች፣ አብሽሩ። ግማሹን ጨርሰናል። አሁን ትንፋሽ ያውጡና ይያዙ... ጎበዝ።» አባቴን ጎበዝ ያለው ሌላ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ሲወጣ ላብ በላብ ሆኗል። «እንዴት ነበር?» ስለው «ናቅፋ ላይ ዲሽቃ ሲያንጣጣ የሰማ ሰው በዚህ አይደነግጥም» አለ። ያቺ «ሳልሞት ቀበራችሁኝ» የት ሄደች? እሷ ስትስቅ እጇን ያዛትና ምርቃቱን አወረደው። አላህ ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ። ልጅቷ ማተቧን እንዳሰረች ጎንበስ ብላ አሜን፣ አሜን ትላለች። የወሎ ምርቃት መቼም ቶሎ አያልቅ፤ ተረኛው ራሱ አብሮ አሜን ይል ጀመር።

ምስሉን በሲዲ ይዤ አዲስ አበባ ስወስደው ሐኪሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ብዙ ቆየ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ማን ነው ያነሳው?» አለኝ መጀመሪያ። «ደሴ» አልኩት። «ይሄ ነው የፈለግኩት» አለ። ታችኛው ነርቭ ተነክቷል፣ አከርካሪው ግን ነጻ ነው፣ አንጎሉም ንጹህ ነው። መጀመሪያ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እና ጨረር፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ተባለ። እንደተባለውም ሆነ። ክትትሉ አላለቀም፤ ሁለቱ ጣቶቹም አሁንም ደካማ ናቸው። ሌሊት ግን ይተኛል። ይተኛል እኮ! እሱ ሲተኛ ቤቱ ሁሉ ተኛ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ከልብ እናመሰግናለን። እናቴ ዱዓ ላይ ከልጆቿ ስም ቀጥሎ ያንቺን ነው የምትጠራው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ ማመስገን ልመዱ ወገኖቼ። የሚያበሳጨንን ለመናገር ማንም አይቀድመን፣ የሚያመሰግን ሲጠፋ ግን ደጋጎቹም ይሰለቻሉ።

ደግሞ ኤምአርአይ የታዘዘላችሁ፣ በተለይ አባቶቻችንን የምትወስዱ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ። እኛ አገር ጥይት ወይም ፍንጣሪ ያልገባበት ቤት ስንት ነው? ከድሮው ጦርነት ያለው አለ፣ ከቅርቡም ያለው አለ። የቀድሞውን ሲቲ ስካን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይኖራል ከተባላችሁ የኩላሊት ምርመራ ውጤት አትርሱ። የማይለቅ የትከሻ ሕመም፣ ወደ ክንድ የሚወርድ፣ ጣት የሚያደነዝዝ ሲሆን ደግሞ በ«ብርድ ነው» አትሸኙ። ደረቴን እዩልኝ በሉ። ተቆጡም ቢሆን።

ቦታው የት እንደሆነ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እልክላችኋለሁ። የግል ስልኳን ግን አትጠይቁኝ፣ አልሰጥም። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይበዛል።