በእርግዝና ሰበብ ለሚደርስ በደል ማስረጃ መያዣ፦ ደብተር፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ኢሜይል ሲመዘኑ

አለቃ «ስላረገዝሽ ነው» ብሎ አይጽፍም። የሚናገረው የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው፦ እርግዝናው የታወቀበት ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የተቀየረው ፈረቃ፣ የቀረው ዕድገት፣ ድንገት የወረደው የአፈጻጸም ውጤት። ስለዚህ አራቱንም የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቀኑን ሳያጠራጥር ያሳያል ወይ?

ደብተር አንደኛ ነው፤ ግን የተሰፋው ብቻ። ባለ ሽቦው ገጹ ቢነቀል አያስታውቅምና አይሆንም። መጀመሪያ ገጾቹን በሙሉ ቁጥር ስጫቸው። ከዚያ ነገሩ በተፈጠረበት ዕለት ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሰማና በሥራሽ ላይ ምን እንደተለወጠ ጻፊ። «አለቃዬ ክፉ ነው» ማስረጃ አይደለም፤ «ሆድሽ እየገፋ ደንበኛ ፊት አትቆሚም አለኝ» ግን ነው። የተሳሳተውን በአንድ ሰረዝ ሰርዢው፣ ፍሉድ አታስነኪው። ማደሪያው ቤትሽ ይሁን፤ በተሰናበትሽ ቀን የቢሮሽ መሳቢያ ላይከፈትልሽ ይችላል። ድክመቱ ያንቺ ቃል ብቻ መሆኑ ነው።

ያንን የሚሞላው ኢሜይል ነው። አለቃሽ በቃል የነገረሽን በዚያው ዕለት መልሰሽ ጻፊለት፦ «ዛሬ ጠዋት እንደነገሩኝ ከሰኞ ጀምሮ ከፕሮጀክቱ ወጥቻለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ቢያርሙኝ።» ዝም ቢል ጽሑፉ ከነቀኑ ይቀራል፤ ቢመልስ ደግሞ ምክንያቱን በራሱ እጅ ይጽፋል። ችግሩ የቢሮ አድራሻ ከስንብት ጋር መዘጋቱ ነው፤ ስለዚህ አትመሽ ያዢ። ግን የደንበኛ ፋይል ወይም የባልደረባ ደመወዝ ወደ ግል አድራሻሽ እንዳትልኪ፤ ለአሠሪው ሌላ የማባረሪያ ሰበብ መስጠት ነው።

ቴሌግራም ከሁሉ ደካማው ነው። በሁለት ሰው ንግግር ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ ምልክትም አይቀርም። በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ንግግሩን ከነሰዓቱ አውጥተሽ አስቀምጪ። ዋትስአፕ ትንሽ ይሻላል፦ ላኪው ለሁሉም ሲያጠፋ ቢያንስ መልእክት መጥፋቱ ይታያል። ነገር ግን መልእክት በራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ ከሆነ በ24 ሰዓት፣ በ7 ወይም በ90 ቀን ይሄዳል። በሁለቱም ስክሪንሾት ስታነሺ የላኪው ስምና ቀኑ ይታይ፣ ከላይና ከታች ያለውም አይቆረጥ፤ «ተቆርጦ ነው» የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

ከአራቱ ሁሉ የሚቀድም አንድ ወረቀት አለ፦ እርግዝናሽን ያሳወቅሽበት ደብዳቤ። የሐኪም ማረጋገጫ አያይዘሽ አስገቢና ኮፒው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ባጸደቁት አገሮች፣ ስንብቱ ከእርግዝናው ጋር እንደማይገናኝ የማስረዳቱን ሸክም አሠሪው ላይ ይጥላል። «ማርገዟን አላወቅንም» ቢሉ ግን መልሱ ያ ፊርማ ነው።

ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ከአገር አገር ይለያያል፣ አንዳንድ ቦታ በጣም አጭር ነው። «የሰው ኃይል ክፍሉ እያየልኝ ነው» ማለት ሁልጊዜ ቀኑን አያቆመውም። ድምፅ መቅዳትን ሆን ብለን አልመዘንነውም፤ ያለ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል የሚሆንባቸው አገሮች አሉ።