ለስላሳ የዓሣ ማባበያ በእጅ ማፍሰስ፦ የጀማሪ ዕቃው ከወራት አገልግሎት በኋላ

መንጠቆ ላይ የሚሰካ ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያ በቤት ለመሥራት የገዛሁት የጀማሪ ስብስብ ፕላስቲሶል (ማባበያው የሚሠራበት ፈሳሽ)፣ ከሲሊኮን የተሠሩ ክፍት ፎርማዎች፣ ፈሳሽ ቀለም፣ ብልጭልጭ፣ ማለስለሻና ሙቀት የሚችል የመስታወት ኩባያ አለው። ለወራት ስሠራበት ቆይቻለሁ። ፕላስቲኩንም ፎርማውንም ወድጃቸዋለሁ። ቴርሞሜትር አለመኖሩ ግን ከባድ ጉድለት ነው፤ የዚህ ሥራ ሁሉ ነገሩ ሙቀት ነውና።

ፕላስቲሶል ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ዱቄት በማለስለሻ ፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የሚገኝበት፣ ነጣ ያለ ፈሳሽ ነው። ዱቄቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ሳይነቀንቁ መቅዳት አይገባም። ሲሞቅ መጀመሪያ ይወፍርና ይጓጉላል፤ ጀማሪ ተበላሸብኝ ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እያማሰሉ ማሞቁን ከቀጠሉ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ መልሶ ይቀጥናል፣ ጥርት ይላል፤ ያኔ ለመፍሰስ ደርሷል። ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋና ሲያልፍ ደግሞ ያርራል፤ ቢጫ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፣ ሳንባን የሚጎዳ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝም ያወጣል። ጥቁር ቀለም ከገባበት በኋላ መጥራቱም ሆነ ማረሩ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ከስብስቡ ጋር አብራችሁ ግዙ።

ማይክሮዌቭ ሙቀቱን እኩል ስለማያዳርስ ጥቂት እያሞቁ፣ እያወጡ ማማሰል ያሻል። ያ ማይክሮዌቭ ከዚያ ወዲያ ምግብ አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1949 ማባበያ ሠሪው ኒክ ክሬም በአሜሪካ አክሮን ከተማ የትል ቅርጽ ያላቸውን የፕላስቲክ ማባበያዎቹን የሠራው በቤቱ ኩሽና ነበር፤ እናንተ ግን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ጋዝ የሚያጣራ ጭንብል፣ መነጽር፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ለብሳችሁ ሥሩ። ውሃን ፍሩ። አንዲት ጠብታ እንኳ በጋለው ፕላስቲክ ውስጥ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጣ ትኩሱን ፈሳሽ ትረጨዋለች።

ፎርማዎቹ ይህን ሁሉ ጊዜ አገልግለው ጠርዛቸው አልተበላም፤ የትሉ ቀለበቶች ዛሬም ጥርት ብለው ይወጣሉ። ፎርማውን ውሃ ልክ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ከቀጭኑ ጅራት ጀምሬ በቀጭን ክር አፈሳለሁ፤ ጅራቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ዘግይቶ የሚደርስ ፕላስቲክ አይሞላውም። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር መሃሉ ጎድጎድ ካለ ሳይበርድ ትንሽ ይጨመርበታል። በክፍት ፎርማ የፈሰሰ ማባበያ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ለትል ይህ አያስከፋም። ዙሪያው የተሟላ ትንሽ ዓሣ ለሚፈልግ ግን ሁለት ገጽ ያለው ፎርማና መርፌ መሰል መግፊያ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ልስላሴውን ራሴ መወሰኔ ነው። ማለስለሻ ስጨምር ጅራቱ በቀስታ ስስበው እንኳ ይርገበገባል፤ በምላሹ መንጠቆው ላይ ቶሎ ይቀደዳል። የደቀቀ ጨው ያከብደውና ያሰምጠዋል፤ ጨው ሲበዛ ግን ፕላስቲኩ ይደክማል። ጨው በኩባያው ሥር ስለሚዘቅጥም በየማፍሰሱ መካከል መማሰል አለበት።

አቀማመጡ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀለማቸው የተለያየ ማባበያዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ቀለም ይጠጣል፤ ታጥፎ የከረመም ጠማማ ሆኖ ይቀራል። ማለስለሻው አንዳንድ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥኖችን ስለሚያቀልጥ በየቀለማቸው ለይቼ በፖሊኤቲሊን ከረጢት ዘርግቼ አኖራቸዋለሁ። የተቀደዱትን ውሃ ውስጥ አልጥልም፤ አጥቤ፣ ፈጽሞ እስኪደርቁ ጠብቄ መልሼ አቀልጣቸዋለሁ። በየማቅለጡ ስለሚጠቁሩ ለጥቁርና ለቡናማ ትሎች አውላቸዋለሁ።