ለፒያሳው ተርጓሚያችን ምስጋና፣ የግሪን ካርድ ወረቀት ለምታሯሩጡም ጥቆማ

ጎንደር ሆናችሁ ውጭ ላለ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ወረቀት የምታሯሩጡ ሰዎች ይህችን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፤ ግን ትጠቅማችኋለች።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ነው። ሰሞኑን ግሪን ካርዱ፣ ማለትም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እጁ ገባ፣ ተመስገን ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ቤታችን የመጣው ሰው ሁሉ "ዲቪ ደረሰው?" ወይም "አገባ እንዴ?" ነው የሚለው። ሁለቱም አይደለም። በሥራው ነው ያገኘው። መሐንዲስ ነው፣ ያመለከተለት ቀጣሪው ድርጅት ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም። ፒያሳ ላይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ወረቀት ስለሚተረጉሙ አንድ ሰው ነው። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ጠይቄያቸው "ተዪው ልጄ" አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ድሮ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ካስተማሯቸው ልጆች ግማሹ አሁንም ሲያገኟቸው ቲቸር ነው የሚሏቸው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መንገዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወንድሜ ማስተርሱን እዚያ ጨርሶ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ቆየ። ለዚህ ቪዛ በዓመት 65,000 ቦታ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ 20,000 ይጨመራል። አመልካቹ ከዚህ ስለሚበልጥ በዕጣ ነው። ቢበዛ ለሦስት ዓመት ይሰጣል፣ ይታደሳል፣ ባብዛኛው በስድስት ዓመት ያበቃል። ድርጅቱ ከዚያ በፊት የመኖሪያ ፈቃዱን ካልጀመረለት ሰውየው ወይ ወደ አገሩ ነው ወይ ሌላ መላ መፈለግ ነው።

ሲጀመርለት በቃ አለቀ ብለን ነበር። ለካስ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቀጣሪው ሥራውን በማስታወቂያ ያወጣና ለቦታው ብቁ የሆነ ፈቃደኛ አሜሪካዊ እንዳላገኘ ለአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ያሳያል፤ ፐርም የሚሉት ይኼን ነው። ቀጥሎ አይ 140 የሚባል ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን ያስገባል። እዚያ ላይ ድርጅቱ ደመወዙን መክፈል እንደሚችል፣ ሠራተኛው ደግሞ ትምህርቱም የሥራ ልምዱም እንዳለው በወረቀት ይረጋገጣል። ሦስተኛው ተራ ጠብቆ ለግሪን ካርዱ ራሱ ማመልከት ነው። በሥራ ለሚመጡት ለመላው ዓለም በዓመት ወደ 140,000 ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ሚስትና ልጆች ሁሉ ተቆጥረው። ከአንድ አገር የተወለዱ ሰዎች ከሰባት በመቶ በላይ መውሰድ ስለማይችሉ ሕንድና ቻይና የተወለዱት ብዙ ዓመት ይሰለፋሉ። እኛ ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ ከሌሎች አገሮች ጋር በአንድ ረድፍ ነን፣ ተራችን ከእነሱ ቀድሞ ይደርሳል። የሚታየው የተወለዱበት አገር ነው እንጂ የያዙት ፓስፖርት አይደለም።

የወንድሜ ጉዳይ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተያዘ። ኢሚግሬሽን ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ብሎ ጻፈ። ለዚህ ዓይነት ደብዳቤ ቢበዛ 84 ቀን ነው የሚሰጠው፣ ማራዘሚያ የለውም። የጎደለው ምን እንደሆነ ስንሰማ ደነገጥን፤ እዚሁ ጎንደር ሲሠራ የተሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው።

መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አንድ አንቀጽ ናት። "ለሚመለከተው ሁሉ" ትልና አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው ሲሠሩ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቃቸውን ትገልጻለች። ክብ ማህተም፣ ቲተር፣ ፊርማ፣ አለቀ። እዚህ አገር ለማንኛውም ነገር በቂ ናት። እዚያ ግን ሰውየው በየቀኑ ምን ይሠራ እንደነበር፣ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይሁን አይሁን፣ ደብዳቤውን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ኃላፊነቱና አድራሻው ሁሉ መኖር አለበት። ድርጅቱ የጠየቀው ማስተርስ ብቻ ሳይሆን የሥራ ልምድም ስለነበር ያቺ አንድ አንቀጽ የሁሉ ነገር መሠረት ነበረች።

መጀመሪያ ያስተረጎምኩት ሌላ ቦታ ነበር። ጋሼ ጋ የሄድኩት የሥራ ባልደረባዬ ጠቁማኝ ነው። ተርጉመው ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ አማርኛውን አነበቡ። ከዚያ "ከአሜሪካ የመጣውን ደብዳቤ አሳዪኝ" አሉኝ። ወንድሜ በቴሌግራም ላከልኝ። ስልኬን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ለሁለተኛ ጊዜም አነበቡት። ከዚያ "እናቴ፣ ይሄ የትርጉም ችግር ብቻ አይደለም። ደብዳቤው ራሱ ጎዶሎ ነው። እኔ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር አልተረጉምም" አሉኝ። ሳንቲም አልተቀበሉኝም። አንድ ወረቀት ላይ ደብዳቤው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ጻፉልኝ። መልሱን አይደለም፣ ጥያቄውን። "መልሱን የሚያውቀው ያሠራው ሰው ነው" አሉ።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል "ፎርማታችን ይኸው ነው፣ ከዚህ ሌላ አንጽፍም" ብሎ መለሰኝ። ለምኜም፣ አማላጅ ልኬም እምቢ አሉ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ጋሼ "የቅርብ አለቃው የት ነው ያለው?" አሉ። ግን አስተውሉልኝ፣ ይሄ ይሠራል ብለው አልማሉልኝም። "እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የድርጅቱ ጠበቃ ይሁን ካለ ነው" አሉ። ወንድሜ ጠየቀ። ጠበቃዋም መሥሪያ ቤቱ ለምን እንዳልጻፈ ተብራርቶ ከተያያዘ የቅርብ አለቃው ምስክርነት ሊቀርብ ይችላል አለች። አለቃው ባሕር ዳር ነበር፣ እግዜር ይስጠው፣ አላስቸገረንም። የኮንክሪት ሙሌት መቆጣጠሩን፣ ቴክ ኦፍ (የሥራ መጠን ልኬት) ሠርቶ የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀቱን፣ ስንት ሰዓት ይሠራ እንደነበር አንድ በአንድ ጻፈ። ጊዜው መንገዱም ኢንተርኔቱም የማይታመንበት ስለነበር ደብዳቤው በሰው እጅ ነው ጎንደር የደረሰው። ጋሼ በዚያው ምሽት ተርጉመው ሰጡን፣ ማመልከቻውም አለፈ።

ሥራቸውን በደንብ ያየሁት ግን በመጨረሻው ደረጃ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት አለን፣ ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የወንድሜ ከተወለደ ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣ ነው። ጠበቃዋ የሚደግፈው ሌላ ማስረጃ ፈለገች። ከተጠመቀበት ደብር የክርስትና ካርዱን አገኘን። ወንድሜ የጥምቀት ልጅ ነው፣ ካርዱም "ጥር 11 ቀን 1984 ዓ.ም." ይላል። ያ የመጀመሪያው ቦታ ካርዱን "ጃንዋሪ 19" ብሎ ተርጉሞት ነበር። ፓስፖርቱ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ነው የሚለው። እኛ አላየነውም፣ ማንም አላየውም። ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ወዲያው አዩት። "1983 ጳጉሜን ስድስት ነበረች" አሉ። በዚያ ጊዜ አዲሱ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጁ አንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ የዚያ ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ነው፣ ፓስፖርቱ ልክ ነው። አንዲት ቀን ምን ታመጣለች እንዳትሉ። በአንድ ፋይል ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ጥበቃውም ይረዝማል። የልጆቻችሁን ወረቀት አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለዱትን።

ስም ላይም እንደዚሁ ናቸው። የአያታችን ስም በፓስፖርቱ በአንድ ኤስ፣ በዲግሪው በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው። ጋሼ ፓስፖርት ሳያዩ አንድም ስም አይጽፉም። ትርጉማቸው ሙሉ ነው፤ የማህተሙን ጽሑፍ፣ ቲተሩን፣ የደብዳቤ ቁጥሩን፣ ኅዳግ ላይ በእጅ የተጻፈችውን ሳይቀር ያስገባሉ። መጨረሻው ላይ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችሉ በእንግሊዝኛ ጽፈው ይፈርማሉ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ከተርጓሚ የሚፈልገው ይኼንን ነው። ብዙ ቦታ ግን "ትክክለኛ ትርጉም" የሚል ማህተም ብቻ መትተው ይሰጧችኋል።

አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አንድ ወጣት የሥራ ልምዱ ላይ ሁለት ዓመት ጨምረው እንዲተረጉሙለት ለመናቸው። ጥሩ ገንዘብም ጠራ። ጋሼ አልተቆጡም። በሩ ድረስ ሸኝተውት "ልጄ፣ እዚያ አገር በውሸት ወረቀት የተያዘ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል፤ እኔ አንተን አልጎዳም" አሉት። እኔ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ያን ቀን ነው እጥፍ የሆነው።

ሌላም አለ። ትራንስክሪፕት ይዘው የሚመጡ ነርሶችን ገንዘብ ሳይቀበሉ ይመልሷቸዋል። ትራንስክሪፕቱ ድሮም በእንግሊዝኛ ነው፣ የነርሶችን የትምህርት ማስረጃ ለአሜሪካ የሚመረምረው ድርጅት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ እንዲላክለት ነው የሚፈልገው። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናትና ይቺን ለነርሶቻችን ልበል፦ የተመዘገቡ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያንን የፐርም ደረጃ አያልፉበትም። የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ እጥረት እንዳለ አስቀድሞ ስለተቀበለ ቀጣሪው በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይገባል። ፈቃድና የእንግሊዝኛ ፈተናው ግን አይቀርም።

ደላላዎችንም ተጠንቀቁ። ሰፈራችን ውስጥ "የአሜሪካ ሥራ ቪዛ እናስጨርሳለን" ለሚል ሰው ገንዘብ ያስያዙ ቤተሰቦች አሉ፣ ያሳዝናል። የፐርሙን ወጪና ለፐርሙ የሚከፈለውን የጠበቃ ክፍያ መሸፈን ያለበት ቀጣሪው ነው፤ ሠራተኛውን ማስከፈል በሕጉ ክልክል ነው። የቀጣሪውን ስም ሳይነግራችሁ ለስፖንሰር ክፈሉ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ትታችሁት ውጡ። ደንቡም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የዛሬውን ከራሱ ከመንግሥት ድረ ገጽ እዩ።

ጋሼ ፈጣን አይደሉም፣ ይኼንን ሳልደብቅ ልናገር። በአንድ ሰዓት ድረሱልኝ የምትሉ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ስልክም ብዙ አያነሱም። ግን የሰጧችሁን ወረቀት ማንም አይመልስባችሁም፤ የሚታረም ከተገኘ በነጻ ያርማሉ፣ ዋናውን ወረቀት እጃቸው ላይ አያስቀሩም። ዋጋቸውም እንደማንኛውም ትርጉም ቤት በገጽ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ይኼንን ባያነቡትም ልጆችዎ ያነቡልዎታል። እናቴ በየቅዳሴው ስምዎን እያነሳች ነው። እድሜና ጤና ይስጥልን።

መሄድ ለምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ አሉ፣ በዓል ካልሆነ። ዋናውን ወረቀትና የባለጉዳዩን ፓስፖርት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ካለም አብራችሁ አሳዩ። ቦታው የቱ ጋ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ።